ተረከዝ ላይ የወጣ ጥቁር ነጥብ በፀሐይ ቅባት አይድንም

ጥያቄ፦ «አባቴ በሰሜን ሸዋ የሚኖሩ የ61 ዓመት ገበሬ ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት በቀኝ ተረከዛቸው ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ ታየች። አሁን ሃምሳ ሳንቲም ታክላለች፤ ዳር ዳሯ እንደ ፈሰሰ ቀለም ወጣ ገባ ያለ ነው፤ አልፎ አልፎም ትደማለች። እሳቸው ‹እሾህ ወግቶኝ ነው፤ አያመኝም› ይላሉ። የአካባቢያችን የባህል ሐኪም በጋለ ብረት ልተኩሰው ብለዋል። ወንድሜ ደግሞ ካንሰር ከሆነ ቢላ ሲነካው ይሠራጫል ብሎ ሆስፒታል መውሰዱን ፈርቷል። እኔ የምሠራው ዱባይ ነው። የቆዳ ካንሰር የነጮች በሽታ ነው ሲባል ብሰማም፣ አባቴ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ስለሚውሉ ሰግቼ ቁጥሩ 50 የሆነ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ላክሁላቸው። በቀን ስንት ጊዜ ይቀቡ? እኔም በሁለቱ አውራ ጣቶቼና በአንድ ሌላ ጣቴ ጥፍር ላይ ከልጅነቴ ጀምሮ ቀጭን ጥቁር መስመር አለኝ። ያሰጋኛል?»

ምላሽ፦ ቅባቱ ለዚህ ነጥብ ምንም አይፈይድም። አባትዎ የሚያስፈልጋቸው ናሙና ነው፤ ከዚያ ቦታ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ቁራጭ ሥጋ። ይህም በዚህ ወር ውስጥ መሆን አለበት፤ አዝመራ እስኪሰበሰብ፣ በዓል እስኪያልፍ አይጠበቅም። የጋለ ብረት ወደዚያ እግር እንዳይቀርብ። ምክንያቱን ከዚህ በታች አስረዳለሁ፤ አንብበው ሳይጨርሱ ለወንድምዎ ቢደውሉ ግን አልቀየምም።

የነጮች በሽታ የሚለው አባባል ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ቆዳችንን የሚያጠቁረው ሜላኒን የተባለው ቀለም የፀሐይን ጨረር ውጦ ያስቀራል፤ የሕዋሶችን ዘረ መል እንደ ጃንጥላ ይጋርዳል። አውስትራሊያ ውስጥ ቅድመ አያቶቻቸው ከአውሮፓ የሄዱ ነጮች በዓለም ላይ በቆዳ ካንሰር በብዛት ከሚያዙት ሰዎች መካከል ናቸው፤ ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው በዚያው ፀሐይ ሥር ውሎ እንደ እነሱ አይታመምም። ችግሩ ከዚህ ተነሥቶ «ስለዚህ እኛን አይነካንም» ማለት ሲመጣ ነው። የቆዳ ካንሰር አንድ በሽታ አይደለም። ባሳል ሴል የሚባለው ዓይነት በዋናነት የፀሐይ ውጤት ነው፤ ነጮችን በብዛት ይይዛል፤ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ወደ ሌላ አካልም የሚዛመተው ከስንት አንዴ ነው። ስኳመስ ሴል የሚባለው ከፀሐይም ይመጣል፤ ለዓመታት ሳይድን ከቆየ ቁስልና ከእሳት ጠባሳም ይነሣል። ሦስተኛው ሜላኖማ ነው። ከሁሉም የሚያንስ ቁጥር ያለው፣ ከሁሉም ይልቅ የሚገድል።

ሜላኖማ ነጮችን ሲይዝ ጀርባን፣ እግርን፣ ፊትን ይመርጣል። ጥቁር ሰውን ሲይዝ ግን በአብዛኛው የሚወጣው ውስጥ እግር፣ ተረከዝ፣ መዳፍና ጥፍር ሥር ነው። ፀሐይ የማያያቸው ቦታዎች ናቸው። ይህ ዓይነቱ ሜላኖማ በፀሐይ ጨረር የሚመጣ ስላልሆነ ሜላኒናችን አያስጥለንም፤ የሚቀባ ነገርም አይከላከለውም። አባትዎ ስልሳ ዓመት ሙሉ ፀሐይ ላይ መዋላቸው ከተረከዛቸው ነጥብ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ቦብ ማርሌይን የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም፤ አዲስ አበባ ገርጂ ላይ በስሙ የሚጠራ አደባባይ አለ። ምን እንደገደለው የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1977 በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ያለው ቁስል ሜላኖማ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በፊት ኳስ ሲጫወት የተጎዳው ነው ተብሎ ነበር። ሐኪሞች ጣቱ እንዲቆረጥ መከሩት፤ አልተቀበለም፤ ጥፍሩና ሥሩ ብቻ ተነሥቶለት ከሌላ የሰውነቱ ክፍል በተወሰደ ቆዳ ተሸፈነ። ካንሰሩ በኋላ አንጎሉ ድረስ ደርሶ በግንቦት 1981 በ36 ዓመቱ አረፈ። እሱ «ኳስ መትቶኝ ነው» ያለውን አባትዎ «እሾህ ወግቶኝ ነው» ይላሉ። ከሐኪምነት ሥራዬ ያተረፍኩት ልማድ ቢኖር የእግር ቁስል ያለበት ሰው ሁሉ የሚተርከው አደጋ እንዳለው ማወቅ ነው። ባዶ እግሩን ወይም በጎማ ጫማ የሚሄድ ገበሬ እሾህ ያልወጋው ቀን የለምና ታሪኩ ምንጊዜም እውነት ይመስላል።

በእርግጥ ተረከዝ ላይ የሚታይ ጥቁር ነገር ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ አብዛኛው አይደለም። እሾህ ተሰብሮ ሊቀር ይችላል። ከቆዳ ሥር የረጋ ደም ጥቁር ሆኖ ይታያል። ሙጀሌ መሀሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለው እብጠት ይሠራል። ኪንታሮትም ውስጡ የደረቁ ጥቃቅን ደም ሥሮች ስላሉት ጥቋቁር ነጠብጣብ ያሳያል። በልጅነት የወጣች፣ ማርያም የሳመችው የምንላት ምልክትም ውስጥ እግር ላይ ልትኖር ትችላለች፤ ብዙዎቻችን አለን፤ ዕድሜ ልክ ሳታድግ ትኖራለች። ልዩነቱን የሚያወጣው ጊዜ ነው። የውስጥ እግር የላይኛው ቆዳ እየተፋቀ ስለሚታደስ የረጋ ደም በሳምንታት፣ ቢበዛ በሁለት ወር ወደ ላይ ወጥቶ ይረግፋል። እሾህ ያመረቅዛል፣ ያማል፣ ይወጣል። ሙጀሌ በሳምንታት ውስጥ ያልቃል። ሁለት ዓመት ሙሉ እየሰፋ የሄደ፣ ዳሩ ወጣ ገባ የሆነ፣ ሳይነካ የሚደማ ነገር ከእነዚህ ከአንዳቸውም ጋር አይገጥምም። ሳላየው ሜላኖማ ነው ብዬ አልፈርድም፤ ሜላኖማ እንዳልሆነ እስኪረጋገጥ ድረስ ግን እንደ ሜላኖማ መያዝ አለበት።

አለማመሙ ደግሞ ለማንም መጽናኛ እንዳይሆን። ሜላኖማ በጅማሬው አያምም። እንዲያውም ብዙ ታማሚዎቼን ዘግይተው እንዲመጡ ያደረጋቸው ይኸው ነው፤ ያመማቸው ቢሆን ኖሮ በሳምንቱ ይመጡ ነበር። ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ሜላኖማ ሁልጊዜ ጥቁር አይደለም። ቀለም አልባ ሆኖ፣ ሮዝ ወይም ቀይ ሥጋ መስሎ፣ የማይድን ቁስል ወይም ግትር ኪንታሮት ተብሎ ለወራት ሲታከም የሚቆይ አለ። ስለዚህ ውስጥ እግር ላይ ያለ ማንኛውም ቁስል በቂ እንክብካቤ ተደርጎለት በሁለት ወር ካልዳነ፣ ቀለሙ ምንም ይሁን ምን፣ ናሙና ይወሰድለት።

ወደ ተኩሱ ልመለስ። የባህል ሐኪሙን ክፉ ሐሳብ አላቸው ብዬ አልወቅስም፤ የሚደማን ነገር በእሳት ማድረቅ ጥንታዊ ልማድ ነው፤ ለጊዜውም ይደርቃል። ችግሩ እሱ ላይ ነው። እሳቱ ላይኛውን ያቃጥላል፤ ሥር ያለው ካንሰር ግን ይቀራል፤ በላዩም ጠባሳ ይለብሳል። ቤተሰቡ «ዳነ» ይላል። ከስምንት ወር ወይም ከዓመት በኋላ ብሽሽት ላይ ንፍፊት ይወጣል። ያን ጊዜ ወደ እኛ ሲመጡ የመጀመሪያው ነጥብ ስለሌለ ምን ያህል ጥልቀት እንደነበረው ማወቅ አይቻልም። አሲድ የሚያፈሱበት፣ በምላጭ የሚፍቁት፣ የተወቀጠ ቅጠል የሚያስሩበት ሁሉ ያው ነው። ለፍትሕ ያህል በሙያ ባልደረቦቼም ላይ ላማርር፦ በየክሊኒኩ «ትንሽ ሥጋ ናት» ብለው ቆርጠው ወደ ቆሻሻ ቅርጫት የሚጥሉ አሉ። ይህ ከተኩሱ ብዙም አይሻልም። ከቆዳ ላይ የተቆረጠ አጠራጣሪ ነገር ሁሉ ናሙና በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት የፓቶሎጂ ቤተ ሙከራ መሄድ አለበት። አባትዎን የሚያክማቸው ሰው ናሙናውን እንደማይልክ ከነገራችሁ ሌላ ቦታ ሂዱ።

የወንድምዎ ፍርሃት በአገራችን በጣም የተለመደ ስለሆነ ጠበቅ አድርጌ ልመልስ። ቢላ ካንሰርን አያሠራጭም። ይህ እምነት የመጣው ሰዎች በጣም ዘግይተው፣ ካንሰሩ አስቀድሞ ተሠራጭቶ ሳለ ወደ ሆስፒታል ስለሚሄዱ ነው። ቀዶ ጥገናው ይደረጋል፤ ሰውየው ከወራት በኋላ ይሞታል፤ ጎረቤት ቢላውን ይከሳል። ለሜላኖማ ናሙና መውሰድ በሽታውን እንደማያባብስ በሚገባ የታወቀ ነው። አሠራሩም ቀላል ነው፤ ቦታው በመርፌ ይደነዝዛል፤ ነጥቡ ትንሽ ከሆነ ሙሉው፣ ተለቅ ካለ ደግሞ በጣም የጠቆረው ወይም ያበጠው ክፍል እስከ ሥሩ ይወሰዳል፤ በስፌት ይዘጋል፤ በዚያው ቀን ወደ ቤት ይመለሳሉ። ናሙናውን ቤተሰብ ራሱ ወደ ቤተ ሙከራ ይዞ እንዲሄድ የሚደረግበት ጊዜ አለ። ያ ከሆነ ሥጋው እንዳይበላሽ በሚያቆየው ፎርማሊን በተባለ ፈሳሽ ውስጥ መቀመጡን፣ ዕቃው ላይ ስም መጻፉን ተመልከቱ። ውኃ ውስጥ፣ አረቄ ውስጥ ወይም በጨርቅ ተጠቅልሎ የደረሰ ናሙና ይበላሻል፤ አባትዎም ሁለተኛ ይቆረጣሉ።

የት ይሂዱ ለሚለው፣ በአካባቢው ካለው ጠቅላላ ሆስፒታል ጀምረው የቆዳ ሐኪም ወይም የቀዶ ሕክምና ሐኪም ይጠይቁ። ነጥብ ከእግር ላይ ቆርጦ መላክ ለማንኛውም የቀዶ ሕክምና ሐኪም ከባድ ሥራ አይደለም። ወደ አዲስ አበባ መሄድ ካለባቸው ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የቆየ ልምድ አለው። አባትዎ ግን «እኔ የሥጋ ደዌ በሽተኛ ነኝ እንዴ?» ብለው ሊያኮርፉ ይችላሉ፤ በእሳቸው ዕድሜ ያሉ ሰዎች የዚያን ሆስፒታል ስም የሚያውቁት በዚያ በሽታ ነውና። አስቀድሞ ይነገራቸው። ከመሄዳቸው በፊት ወንድምዎ የነጥቡን ፎቶግራፍ በቀን ብርሃን፣ ከጎኑ ሳንቲም አስቀምጦ ያንሣ፤ ብሽሽታቸውንም በሁለቱም በኩል ዳስሶ እብጠት ካለ ለሐኪሙ ይንገር። የሐኪሙን ምርመራ የሚተካ አይደለም፤ በተጨናነቀ ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ግን «እብጠት አለ» የሚል ቃል ወረፋ ያፋጥናል።

ውጤቱ ሜላኖማ ከሆነ ዋናው ቁጥር ጥልቀቱ ነው። ፓቶሎጂስቱ ካንሰሩ ከቆዳው ላይኛ ክፍል ወደ ታች ስንት ሚሊ ሜትር እንደወረደ ይለካል። ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ በዙሪያው 1 ሴንቲ ሜትር ጤናማ ቆዳ ጨምሮ መቁረጥ ብዙውን ጊዜ ያድናል። ከ2 ሚሊ ሜትር ካለፈ ዙሪያው ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ የብሽሽት ንፍፊቶችም ይመረመራሉ። ተረከዝ ላይ ይህን ያህል ሲቆረጥ በቀላሉ ተሰፍቶ አይዘጋም፤ ከሌላ ቦታ ቆዳ ይወሰዳል፤ ለሳምንታት እግሩን መርገጥ አይቻልም። ይህን የምነግርዎ አስቀድመው እንዲያውቁ ነው፤ የእርሻ ሥራውን ማን እንደሚሸፍን ካልታሰበበት አባትዎ ቁስሉ ሳይድን ከበሬዎቻቸው ኋላ ሊቆሙ ይችላሉ።

ጊዜ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማሳየት፦ አሜሪካ ውስጥ ሜላኖማው ከተነሣበት ቦታ ሳይወጣ ከተደረሰበት ታማሚዎች ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በኋላም በሕይወት አሉ። ወደ ሳንባ፣ ጉበት ወይም አንጎል ከደረሰ በኋላ ሲሆን ይህ ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይወርዳል፤ ያውም እጅግ ውድ የሆኑ፣ የሰውነትን የመከላከል ኃይል የሚያነቃቁ አዳዲስ መድኃኒቶች ባሉበት አገር። እነዚያ መድኃኒቶች ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ታማሚ አይደረስባቸውም። የቀድሞው ኬሞቴራፒ ደግሞ በሜላኖማ ላይ ደካማ ነው። በዚያው አሜሪካ ጥቁር ታማሚዎች ከነጮቹ ያነሰ ዕድሜ የሚኖሩት አንዱና ትልቁ ምክንያት ዘግይቶ መታወቁ ነው፤ ሐኪሙም ታማሚውም «ጥቁር ሰው አይዘውም» ብለው ይዘናጋሉ። ለእኛ እንግዲህ ያለን መሣሪያ ቢላዋና በጊዜ መድረስ ናቸው።

ወደ እርስዎ ጥፍር ልምጣ። በበርካታ ጣቶች ላይ ከልጅነት ጀምሮ ያለ፣ ቀጭን፣ ዳር ዳሩ ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር በጥቁር ሰው ዘንድ እጅግ የተለመደ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋማ አብዛኛው ሰው አለው። አያሳስብዎ፤ የአባትዎ ነገርም በውርስ የመጣብዎት አይደለም። የሚያሳስበው ሌላ ነው፤ በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ፣ በተለይ በእጅ ወይም በእግር አውራ ጣት ላይ፣ በጎልማሳነት አዲስ የወጣ መስመር፤ ስፋቱ ከ3 ሚሊ ሜትር የበለጠ ወይም ከወር ወር የሚሰፋ፤ ጥፍሩን የሚሰነጥቅ፤ ከሁሉም በላይ ጥቁረቱ ከጥፍሩ አልፎ በሥሩ ወዳለው ቆዳ የፈሰሰ። ጥፍርዎ በር ቆንጥጦት ከጠቆረ ደግሞ ጥቁረቱ ከጥፍሩ እድገት ጋር ወደ ፊት እየተገፋ ይሄዳል፤ ከሥሩ በኩል ንጹሕ ጥፍር ብቅ ይላል። ባለበት የቆመ ጥቁረት ግን ይታይ።

እግር ማየት ልማድ ይሁን ስል አዲስ ነገር መጠየቄ አይደለም። ማታ ከእርሻ የገባን አባት እግር ማጠብ በገጠራችን የነበረ፣ በብዙ ቤትም አሁን ያለ ነገር ነው። የሚያጥበው ልጅ በወር አንድ ጊዜ ኩራዙን ወይም የስልኩን መብራት ጠጋ አድርጎ ውስጥ እግሩን፣ በጣቶቹ መካከል ያለውን፣ ጥፍሮቹን ቢመለከት ከማንኛውም ዘመናዊ ምርመራ ቀድሞ ያገኘዋል። ሰው የራሱን ተረከዝ አያይም፤ የአባትዎ ነጥብ ሁለት ዓመት የቆየበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በዚያው የቆዩ ጠባሳዎችም ይታዩ። በልጅነቱ ምድጃ ውስጥ ወድቆ የተቃጠለ፣ በሚጥል በሽታ ምክንያት እሳት ያገኘው፣ ቅልጥሙ ላይ ለዓመታት ቁስል ያልጠፋበት ሰው ከሠላሳ ዓመት በኋላም በዚያው ጠባሳ ላይ ስኳመስ ሴል ካንሰር ሊነሣበት ይችላል። ጠባሳው ሲደድር፣ ሲያብጥ፣ እንደ አበባ ጎመን ሲያቆጠቁጥ ወይም መጥፎ ሽታ ሲያመጣ «የድሮ ቁስሉ አገረሸ» ተብሎ አይታለፍ።

ታዲያ የፀሐይ ቅባት ለማን ነው? ለሁለት ዓይነት ሰዎች በተለየ አጽንዖት እላለሁ። አንደኛው ፊቱ ላይ ማድያት ያለበት ሰው ነው፤ ለእሱ ቅባቱ ካንሰርን ለመከላከል ሳይሆን ማድያቱ እንዳይብስ ነው። በዚያው ፊትን ለማንጣት እየተባለ የሚሸጡ፣ ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ ያለባቸው ክሬሞች ቆዳን አሳስተው የተፈጥሮ ጥላውን እንደሚገፉት ልብ ይበሉ፤ እነሱን እየተቀቡ የፀሐይ መከላከያ መግዛት ጣራ እያፈረሱ ጃንጥላ እንደ መግዛት ነው። ሁለተኛው ደግሞ በእውነት ሕይወቱ በፀሐይ ላይ የተንጠለጠለው ነው፤ አልቢኒዝም ያለበት ሰው። ሜላኒን የለውም ወይም እጅግ ጥቂት ነው። አገራችን ደግሞ ለምድር ወገብ የቀረበች፣ አብዛኛው ሕዝቧም ደጋ ላይ የሚኖር ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ቆዳን የሚጎዳው ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ብርዱ ስለሚያታልለን ግን ፀሐዩ አይሰማንም። አልቢኒዝም ያለባቸው ልጆች ጥበቃ ካልተደረገላቸው በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው በፊታቸው፣ በጆሯቸው፣ በከንፈራቸውና በማጅራታቸው ላይ ካንሰር ይወጣባቸዋል። ለእነሱ ሰፊ ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌ፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከፀሐይ መሸሽ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ከመስኮት ራቅ ብሎ መቀመጥ ከቅባቱ ይቀድማሉ፤ ቅባቱ ልብስ የማይሸፍነውን ለመሸፈን ነው፤ ውጭ ከዋሉ በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል። ቢያንስ በየስድስት ወሩም የቆዳ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል።

ስለዚህ የላኩትን ቅባት አባትዎ እግራቸው ላይ አይጨርሱት። በቀበሌው ውስጥ አልቢኒዝም ያለበት ልጅ ካለ ወንድምዎ ለእናቱ ይስጣት፤ ፊት፣ ጆሮና ማጅራት ላይ በደንብ ወፈር ተደርጎ እንደሚቀባም ይንገራት። ለአባትዎ ደግሞ የሚቀጥለውን ወር የቅባት ገንዘብ ለመኪና መሳፈሪያና ለቤተ ሙከራው ይላኩ።